መርከብ አምቦ ላይ ምን ትሠራለች?

የትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ማኅበር በሚመጣው ዓመት ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ወዲህ ተማሪው በሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን በጦርነት ጊዜ ያገለገለች አንዲት መርከብ በትልቅ መጠን፣ ከነባሕሯና ከነሰዎቿ፣ ከባዶ ተነሥተን እንሥራ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መርከብ አምቦ ላይ ምን ትሠራለች?» እያለ ይሥቃል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። የሚሥቁትም ወንድሞቼና እኅቶቼ ሥቀው ሲጨርሱ ምክንያቴን እንዲሰሙኝ እለምናለሁ።

በእርግጥ ሣቁ ያለ ምክንያት አይደለም። አምቦ ከባሕር ጋር ያላት ዝምድና በጂኦግራፊ ደብተራችን ውስጥ «ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ያለቀ ነው። ከጊንጪም እንምጣ ከጌዶ፣ ከጉደርም እንምጣ ከባኮ፣ አብዛኞቻችን በዓይናችን ያየነው ትልቁ ውኃ የወንጪ ሐይቅ ነው፤ በእርሱም ላይ የምትሄደው ታንኳ ሰው ወደ ደሴቱ ከማሻገር ያለፈ ሥራ የላትም። መርከብን በአማርኛ መርከብ፣ በኦሮምኛ ዶኒ እያልን ስሟን እናውቃለን እንጂ ሆዷ ምን እንደሚመስል፣ ብረት ሆና ሳለች ለምን እንደማትሰጥም ቢጠይቁን የምንመልሰው «አርኪሜድስ» የሚለውን ስም ብቻ ነው። እንግዲህ በእኔ አስተያየት መርከብ መሥራት የሚገባን ስለዚሁ ነው። ባሕር ዳር የሚኖር ልጅ መርከብን ለማወቅ ወደ ወደቡ መውረድ ይበቃዋል፤ የአምቦ ልጅ ግን ካልሠራት በቀር አያውቃትም።

የነገሩን ስም ለማያውቁ ልግለጽ። ዲዮራማ የሚባለው የአንድ ዕቃ አምሳያ ብቻውን አይደለም። አምሳያው ከስፍራው፣ ከሰዎቹና ሰዎቹ ከሚሠሩት ሥራ ጋር አንድ ላይ ሆኖ በአንድ ገበታ ላይ ሲታይ ነው። መርከብ ብቻ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው ዕቃ ሠራ። መርከቧን ከማዕበሉ፣ ከመርከበኛውና ከዕለቱ አየር ጋር የሠራ ሰው ግን አንድ ቀን ሠራ ማለት ነው። ይህ «አንድ ቀን» የሚለው ቃል ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከባዶ መሥራት ማለትም በውጭ አገር በሣጥን ታሽጎ እንደሚሸጠው ቁርጥራጩን በቁጥር እየፈለጉ ማጣበቅ አይደለም፤ እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ፣ ነድፎ፣ ቈርጦ ማውጣት ነው።

የትኛዋ መርከብ ትሠራ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አንድ ነው። «ኢትዮጵያ» ትባል የነበረችው ትሠራ።

ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ መስከረም 24 ቀን 1935 ዓ.ም. ውኃ ላይ ወረደች፤ ጥር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ተግባሯም የባሕር አውሮፕላኖችን ማገልገል ነበር፤ ይኸውም ከውኃ ተነሥተው ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይት፣ ምግብና መኝታ ይዛ፣ የአውሮፕላን ሜዳ በሌለበት ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መልሕቋን ጥላ መቆም ነው። እንደ ጫጩት እናት ማለት ነው። ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ውኆች አገለገለች። አገራችን በ1940ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ ባሕር ኀይሏን አቋቁማ የኖርዌይ መኮንኖች ማስተማር ከጀመሩ በኋላ፣ አሜሪካ ይህችን መርከብ በጥር 1954 ዓ.ም. አስረከበች። ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ የባሕር ኀይሉም ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። ከደጋ ወርደው ምጽዋ የገቡ፣ ከዚያ በፊት ባሕር አይተው የማያውቁ የአገራችን ልጆች ባሕርተኝነትን የተማሩት በእርሷ ላይ ነው። እነርሱም በጊዜያቸው «የደጋ ልጅ መርከብ ላይ ምን ይሠራል?» ሳይባሉ የቀሩ አይመስለኝም።

ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ያህል ነው። ይህን ወደ ገበታ ለማውረድ መጠን መምረጥ ያሻል። አንድ ለመቶ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አንድ ለአርባ እላለሁ። በአንድ ለመቶ መርከቧ ከአንድ ሜትር ታንሳለች፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛም 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከባቄላ ፍሬ ብዙ አይበልጥም፣ ባቄላ ደግሞ ፊት የለውም። በአንድ ለአርባ ግን መርከቧ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲም ትሆናለች፤ ሰውየውም 4 ሳንቲም ከሩብ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ጎንበስ ማለቱ፣ እጁን መዘርጋቱ፣ መድከሙ ሊታይ ይችላል። ትልቅ መጠን የምንፈልገው ለትዕቢት ሳይሆን ለሰዎቹ ስንል ነው።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ ልኩ ከየት ይገኛል? መርከቧ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ሄዶ በሜትር መለካት አይቻልም። የቀረው ፎቶግራፍ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ለሚያስብ ሰው ሜትር ነው። በትክክል ከጎኗ በተነሣ ሥዕል ላይ መርከቧ 19 ሳንቲም ሆና ብትታይ፣ እውነተኛ ርዝመቷ 94.7 ሜትር መሆኑን ስለምናውቅ በሥዕሉ ላይ 1 ሳንቲም 5 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። በዚያው ሥዕል ላይ ምሰሶዋ 5 ሳንቲም ቢሆን 25 ሜትር ነው፤ በእኛ ገበታ ላይ 62 ሳንቲም ይመጣል። ይህ የሰባተኛ ክፍል ንጽጽር ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ሰያፍ ሆኖ የተነሣ እንደ ሆነ ንጽጽሩ ይዋሻል፤ ያን ጊዜ የሰባተኛው ክፍል ሒሳብ አይበቃም፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን መለመን ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ደግሞ ቀለም አይናገርም፤ ግራጫው ሰማያዊ ቅልቅል ይኑርበት አይኑርበት ሥዕሎችን እርስ በርስ እያስተያዩ መከራከር ያስፈልጋል። ቀለሙም ቢታወቅ እንዳለ አይቀባም። ከሩቅ የሚታይ ነገር በመካከሉ ባለው አየር ምክንያት ፈዘዝ ብሎ ስለሚታይ፣ አምሳያም ከእውነተኛው ጥቂት ፈዘዝ ያለ ቀለም ሲቀባ ነው እውነት የሚመስለው።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ርዝመት በ40 ሲያንስ የገጽ ስፋት በ1,600፣ ይዘትና ክብደት በ64,000 ያንሳል። መርከቧ ያለ ጭነት ስትመዘን 1,766 ቶን ነበረች፤ ይህ በእንግሊዝ ቶን ስለ ሆነ ወደ ኪሎ ግራም ሲለወጥ 1,794,000 ያህል ይሆናል። ለ64,000 ሲካፈል 28 ኪሎ ግራም ይወጣል። እንግዲህ አምሳያዋ በትክክል ከተቀረጸችና ክብደቷ 28 ኪሎ እንዲሆን በውስጧ ጠጠር ከተጨመረ፣ ገንዳ ውስጥ ስትገባ ውኃው በእውነተኛዋ ባዶ መርከብ ላይ ይደርስበት በነበረው መሥመር ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ወይም ካለፈ የሆዷ ቅርጽ ተሳስቷል። ያለ መምህር የሚታረም ፈተና ይህ ነው፤ ውኃ አያደላም። ለጥንቁቆቹ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ከወንዝ ውኃ በመቶ 2.5 ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ በሁሉቃ ወንዝ ውኃ አምሳያዋ ጥቂት ጠለቅ ትላለች። ልዩነቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ቢሆንም ሊሰላ የሚችል ነው፤ ማን እንደሚያሰላው ወደፊት እናያለን።

«ይህ ሁሉ ወጪ ከየት ይመጣል?» የሚሉም አሉ። እስቲ እንቁጠር። ገላዋ በሃያ እኩል ክፍል ተከፍሎ በየ12 ሳንቲሙ ገደማ አንድ አንድ የጎድን አጥንት ከኮምፔንሳቶ ይቈረጥላታል፤ ጫፍና ጫፉ ሲጨመር 21 ነው። እነዚህ ቀጥ ባለ አንድ ጣውላ ላይ ይተከሉና በላያቸው በስሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይለበጥባቸዋል። ቀርከሃ እሳት ሲሞቅ ይታጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ታጠፈ ይቀራል። ሲለበጥ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ እየተባለ መሄድ አለበት፤ አንዱን ጎን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው መርከቡ ፀሐይ ላይ እንደ ተረሳ ቆዳ ይጣመምበታል። ከዚያ በኋላ ስቱኮ፣ ከስቱኮው በኋላ የብርጭቆ ወረቀት፣ ደግሞ ስቱኮ፣ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት። ይህ የሥራው አሰልቺ ክፍል ነው፤ ብዙ ማኅበርተኛም የሚጠፋው በዚህ ሳምንት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ነገር ግን የእውነተኛዋ መርከብ ገላ ብረት ስለ ነበር አንድ የቀርከሃ መገጣጠሚያ እንኳ ቢታይ ዓይን ይይዘዋል።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ከቤታችንና ከግቢያችን አይወጡም። በወለሉ ዙሪያ ያለው የብረት መደገፊያ ስንደዶ ነው። እናቶቻችን ሞሰብ የሚሰፉበት ስንደዶ በቅጥነቱም በቅንነቱም ለአንድ ለአርባ የተፈጠረ ይመስላል፤ እኅቶቻችን ስፌት የሚያውቁ ስለ ሆነ በዚህ ክፍል ላይ አለቆቹ እነርሱ እንጂ እኛ ልንሆን አይገባንም። ገመዱ ቃጫ ነው። የመድፍ መከለያው የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ዋናው መድፏ ደግሞ «5 ኢንች ባለ 38» የሚባለው ነው፤ ትርጉሙም የአፈ ሙዙ ቀዳዳ 5 ኢንች ማለት 127 ሚሊ ሜትር ሆኖ ርዝመቱ የዚህ 38 እጥፍ ነው ማለት ነው። ለአርባ አካፍሉት፤ ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ከጥቂት፣ ርዝመቱ 12 ሳንቲም ይወጣል። ይህ ምንድን ነው? ቀለሙ ያለቀበት የእስክርቢቶ ቱቦ ነው! በግቢያችን ተጥሎ የሚገኘው ለአንድ መርከብ ቀርቶ ለአንድ ሙሉ ጓድ ይበቃል፤ ከሥሩ ወፈር እንዲል በሙጫ የተነከረ ወረቀት መጠቅለል ብቻ ይቀራል። የፍለጋ መብራቷ መስተዋትም የአምቦ ውኃ ቆርኪ የውስጥ ፊት ነው። በመጠኑ ጥቂት ስለሚሰፋ ዳሩን መከርከም ያስፈልጋል እንጂ ሌላ እንከን የለበትም፤ ደግሞስ አምቦ ላይ የተሠራች መርከብ የአምቦ ውኃ ቆርኪ ከሌለባት ማን ያምናታል? የሚገዛው ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ጄሶና ቀለም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ፤ ስለ ገንዘቡ የተጨቃጨቅነው ከዚህ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነበር። ስለ ታሪክ በቃል ስንናገር «በዚያን ዘመን» ብለን ማለፍ እንችላለን። ገበታ ላይ ግን «በዚያን ዘመን» የሚባል ሰንደቅ ዓላማ የለም። አፍንጫዋ ላይ 49 የሚል ቁጥር ከተጻፈ ኦርካ ናት፤ ኤ-01 የሚል ከተጻፈ ኢትዮጵያ ናት። ሁለቱን በአንድ ቀን መሆን አትችልም። ስለዚህ ቀን መምረጥ ግድ ነው።

ብዙው ተማሪ የሚፈልገው በ1937 ዓ.ም. በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ የነበረውን ውጊያ ነው፤ ካሚካዚ የሚባሉት የጃፓን አብራሪዎች ከነአውሮፕላናቸው በመርከብ ላይ ይወድቁ የነበረበትን ማለቴ ነው። የጥጥ ጢስ፣ ቀይ አምፖል፣ በሽቦ የተንጠለጠለ አውሮፕላን! ያምራል፤ ወላጆችም ያጨበጭባሉ። ሌሎች ደግሞ የ1954ቱን ርክክብ፣ አረንጓዴ ብጫ ቀዩ ሲውለበለብ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ከሁለቱም ተለይቼ ኅዳር 24 ቀን 1937 ዓ.ም. ይሁን እላለሁ።

በዚያች ዕለት እኩለ ሌሊት እንዳለፈ «ኩፐር» የምትባል የአሜሪካ አጥፊ መርከብ በፊሊፒንስ፣ በኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በቶርፔዶ ተመትታ ሰጠመች። ከመርከበኞቿ 191 ሞቱ። የቀሩት የጃፓን ጦር በያዘው የባሕር ዳር ፊት ለፊት በውኃ ላይ ተንሳፈው ቀሩ። የደረሱላቸው ካታሊና የሚባሉት የባሕር አውሮፕላኖች ናቸው፤ በዚያን ወቅት በሌይቴ እነዚህን አውሮፕላኖች ታገለግል የነበረችውም ኦርካ ናት። አውሮፕላኖቹ በጠላት ዓይን ሥር ውኃው ላይ እያረፉ ሰዎቹን አነሡ። አንደኛው 56 ሰው፣ ሌላው 48 ሰው ጭኖ ተነሣ። በጠቅላላው ከኩፐር 168 ሰዎች ተረፉ።

56 ሰው ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ጠዋት የስም ጥሪ ሲደረግ ዞር ብላችሁ ክፍላችሁን ተመልከቱ። ስምንት ያህል ሰው እንዲሠራበት በተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ መግባቱ ነው። ሰውየውን በአማካይ 70 ኪሎ ብናደርገው ከመደበኛው ጭነት በላይ ወደ 4,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። እንዲህ የከበደ አውሮፕላን ከውኃው ለመላቀቅ ምን ያህል መንደርደር እንደሚያስፈልገው የፊዚክስ ተማሪ ያስበው።

እኔ በገበታው ላይ የማየው እንዲህ ነው። ኦርካ መልሕቋን ጥላ ቆማለች። መድፎቿ ዝም ብለው ወደ ሰማይ ያያሉ። መርከበኞቿ በስንደዶው መደገፊያ ላይ ተደርድረው ወደ አንድ ወገን ይመለከታሉ። ከዚያ ወገን ካታሊናው ከኦርሞክ ተመልሶ ውኃውን እየሰነጠቀ ይመጣል። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.7 ሜትር ነበር፤ በእኛ መጠን 79 ሳንቲም ይሆናል፤ ይኸውም የመርከቧን ርዝመት ሢሶ ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት የሚበሩት የካታሊና ጓዶች አውሮፕላኖቻቸውን ጥቁር ቀብተው «ጥቁር ድመቶች» ይባሉ ነበርና ለግራጫዋ መርከብ መልካም ተቃራኒ ይሆናል። ከኋላው የሚከፈተውን የውኃ ዱካ መሥራት የሚፈልግ ሰው ወደ ወንጪ ሄዶ ዳክዬ ሲዋኝ ይመልከት። በጥልቅ ውኃ ላይ የዚያ ዱካ ማዕዘን፣ ዳክዬም ይሁን መርከብ፣ ወደ 39 ዲግሪ ነው፤ በፍጥነቱ ወይም በትልቅነቱ አይለወጥም። በጄሶው ላይ ማዕዘኑን አስፍቶ ወይም አጥብቦ የሠራ ሰው ባሕር አይቶ የማያውቅ መሆኑን ባሕር ያየ ሁሉ ያውቅበታል።

በአውሮፕላኑ መስኮትና በር በኩል የሚታዩት ሰዎች አሥር ወይም አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት በውስጥ ናቸው፤ ማንም አያያቸውም። ታዲያ ውስጥ ያሉትን እንሥራቸው? ብዙዎች ድካም ነው ይሉኛል። እኔ ግን እንሥራቸው እላለሁ። 56 ብለን ጽፈን 12 ብቻ ከሠራን ጽሑፉ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ሽቦ አጥንት፣ ሰም ሥጋ ሆኖ አንድ ተማሪ አንድ ሰው ይሥራ፤ ሲጨርስም ራሱ በእጁ ወደ ውስጥ ያስገባው። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ማን በማን ጉልበት ላይ እንደሚሆን፣ የቈሰለው የት እንደሚጋደም መጨነቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። መድፍ ሲተኮስ ማሳየት ቀላል ነው፤ ጥጥ በየሱቁ ይሸጣል። የዳነ ሰው ፊት ግን በሱቅ አይገኝም።

«ሰንደቁ የእኛ ካልሆነ ምን አገባን?» ለሚሉት የምመልሰው አጭር ነው። ሰንደቁ ቢለወጥም ብረቱ አልተለወጠም። ከዚያ ቀን 17 ዓመት በኋላ የእኛ ዕጩ መኮንኖች የቆሙበት ወለል ይኸው ወለል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ በቀላሉም ላልፈው አልፈልግም። አንድ ጓደኛዬ «የደንዲው ልጅ ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ገና በለጋነታቸው ጫካ ገብተው ጣሊያንን የተዋጉት በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው፤ የአዲስ ዓለምን ምሽግ ትተን የፊሊፒንስን ባሕር የምንሠራው ለምንድን ነው?» አለኝ። ልክ ነው። ያም መሠራት አለበት፤ ከመርከቧም በኋላ የሚመጣው እርሱ ይሁን ብዬ እጄን አወጣለሁ። ነገር ግን ጓደኛዬ አንድ ነገር ያስብልኝ። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ጦር ብዙው፣ ከነመድፉ ከነመኪናው፣ ምጽዋ ላይ ከመርከብ የወረደ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደግሞ ምጽዋ ስትያዝ ጣሊያኖች ወደቡ እንዳያገለግል መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰጠሙ፤ በ1934 ዓ.ም. አሜሪካዊው መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጥቶ ትልቁን መጠገኛ ከባሕር ውስጥ አነሣው። የእኛ ተራራ ታሪክ ከባሕር ተለይቶ የቆመበት ጊዜ የለም። እኛ የተራራውን ግማሽ ስለምናውቅ ነው ሌላው ግማሽ የሌለ የሚመስለን። ዛሬ ስለ ባሕር በር በሬዲዮም በቴሌቪዥንም በየሻይ ቤቱም ብዙ ይነገራል፤ እኔ በዚያ ነገር አልገባም። ሆኖም ስለ ባሕር እንዲህ ከሚናገረው ሰው ስንቱ የመርከብን የጎድን አጥንት ሥሎ ያውቃል እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

በገበታው ግንባር ላይ ስለሚለጠፈው ጽሑፍም አስተያየት አለኝ። በ1937ና በ1954 ማቆም አይገባውም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በብዙ ደም ከመንግሥቱ ጦር እጅ መውጣቷ ይጻፍ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ባሕሩን ተሻግራ የመን መግባቷ፣ ከዚያም አለመመለሷ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁራጭ ብረት መፈታቷ ይጻፍ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ ስትሆን አገራችን የባሕር ጠረፍ አልቀራትም፤ ባሕር ኀይሉም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደገና የማቋቋም ሥራ ተጀምሯል። ይህን ሁሉ መጻፍ የወላጆችን በዓል ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ። ይቀዝቅዝ። 56 ሰው ያዳኑትን አውሮፕላኖች የመገበች መርከብ በሰው አገር ወደብ ተቈራርጣ ማለቋን ሳያውቅ የሚያጨበጭብ ሰው ምን እንዳየ አያውቅም።

የቀረው የሥራው አካሄድ ነው። እስከ ኅዳር ንድፉ ተጠናቅቆ 21 የጎድን አጥንቶች ቢቈረጡ፣ እስከ ጥር ገላዋ ተለብጦ የገንዳው ፈተና ቢደረግ፣ የቀሩት ወራት ለጥቃቅኑ፣ ለሰዎቹና ለባሕሩ ይበቃሉ። ከፈተናው በኋላ ገበታው ላይ በመርከቧ ቅርጽ ልክ ቀዳዳ ተከፍቶ እስከ ውኃ መሥመሯ ትገባለች፤ ሆዷ ከገበታው በታች ይቀራል፣ ጎንበስ ብሎ ሊያይ የሚፈልግም ያያል።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ መወሰን አለበት። ገበታው አውሮፕላኑን ለመያዝ 3 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 መሆን ያስፈልገዋል። የሥራ ክፍላችንን በር ለክቼዋለሁ፤ ስፋቱ 85 ሳንቲም ነው። ጄሶ የፈሰሰበት ባሕር ደግሞ በጎኑ አይዘነበልም። ስለዚህ ወይ ገበታው በርዝመቱ መካከል ለሁለት ተከፍሎ በብሎን የሚገጣጠም ይሁን፤ ወይ ከመጀመሪያው በትልቁ አዳራሽ ውስጥ እንድንሠራ ይፈቀድልን። ለሁለት ከተከፈለ እያንዳንዱ ክፋይ 60 ሳንቲም ስፋት ይኖረዋል፤ መርከቧ በአንደኛው ክፋይ ላይ ብቻዋን ትሆናለች፣ 31 ሳንቲም ስለ ሆነች ትበቃዋለች። የአውሮፕላኑ ክንፍ ግን መገጣጠሚያውን ስለሚያልፍ ክንፉ የሚወልቅ መሆን አለበት።